የሚሸሽ ቁልፍ

ኅዳር ነው፤ መሐል ሜዳ። ውርጩ መስታወት ይልሳል፤
ጣት ኪሱን ይናፍቃል፤ አፍንጫ ያለቅሳል።
እኔ፣ የመሬት ቢሮው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣
ሥራ የማያደክመኝ፣ ሥራ መፍታት የሚያሳምመኝ፣
አንዲት ነገር ጻፍኩ፣ ከምሳ በፊት ያለቀች፣
ማንንም የማትነክስ፣ ገና ጥርስ ያላወጣች።

ቀይ መስኮት ትከፍትና ደወል ታሰማለች፤
«ማስጠንቀቂያ! ቫይረስ ገብቷል!» ትላለች፤
«ሰባት መቶ ዐሥራ ሁለት ፋይል እየተበላ ነው፣
‹አጥፋ› የሚለውን ቶሎ ይጫኑ፣ መዳኛው እሱ ነው።»
ቁልፉ ግን አይጨበጥም፤ ጥበቤ እዚያ ላይ ነበር፤
ማውዝ በግራ ሲመጣ በቀኝ በኩል ሲበር፣
ከታች ሲሉት ከላይ፣ ከላይ ሲሉት ከጥግ፣
ልጓም እንዳየ በቅሎ ሲያፈገፍግ፣ ሲያፈገፍግ።
መቶ ሲሞላ ቁጥሩ፣ ጩኸቱ ጸጥ ይልና
አንድ የመንዝ በግ ይመጣል፣ ጥርሱን ያገጥጥና
«ቀልድ ነው፣ አይዞዎት» ይላል።
ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።
የሚጠፋ ፋይል የለም። የሚጎዳ ሰው የለም።

ለደርቤ ነበር ያጠመድኩት፣ ለዚያ ፎካሪ ቀያሽ።
እሱ ግን ያን ቀን ጠዋት «ለልኬት እንሂድ፣ ተነሣ»
ብሎ ይዞኝ ወጣ፤ ጎማ ፈንድቶ አደርን ጓሳ።
ከወንበሩ የተቀመጡት እትዬ ዓለምሸት ናቸው፣
ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ የደከመ ዓይናቸው፣
በታይፕ የጀመሩ፣ በካርቦን የጠቆሩ፣
የወንድማማች ጠብ በየድንበሩ የቆጠሩ፣
ያ ሳጥን ቢታመም ስንት ዱላ እንደሚነሣ የሚያውቁ፣
ብቻቸውን።
ደወሉ ጮኸ። ቁልፉን አሳደዱት። ሸሸ።
አርባ በመቶ ላይ ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት።
በጉ አልደረሰም።

በማግስቱ ስንገባ፣ ኮምፒውተሩ በባና ተጠቅልሎ፣
በሲባጎ ታስሮ፣ እንደ ወረርሽኝ በሽተኛ ከሰው ተነጥሎ፤
እሳቸው ነጠላ ጠምጥመው፣ ሻማ ከዘበኛው ለምነው፣
ሦስተኛ ደብተር ጀምረዋል፣ ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው።
ስም፣ የአባት ስም፣ አዋሳኝ፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ገደል፣
በደቡብ ወንዝ፣ በሰሜን የደረቀ ኮሶ፣
እንደሚደገም ዳዊት አንድ ቃል የማይጓደል።
«ልጄ፣» አሉኝ፣ ጣታቸውን በእስትንፋስ እያሞቁ፣
«የበላውን በልቶ ይሆናል። ያልበላውን ቀድሜ ጻፍኩ።»

ስቄ ልናገር ነበር። አፌ ድረስ መጣ በጉ፤
ጥርሱን እንዳገጠጠ ቀረ፣ ጸጉሩ ጉሮሮዬን እየወጋኝ።

«ላመሳክረው» ብዬ ከፈትኩ። ፋይሎቹ በሙሉ አሉ።
ደብተሩን ከስክሪኑ ጋር፣ ስም በስም፣ ቃል በቃሉ፤
እስከ መቶ ሰማንያ ስሕተት የለም። ከዚያ አንዲት ሴት፣
ደብተሩ ላይ ያለች፣ ኮምፒውተሩ የማያውቃት፦
ባንቺይርጋ ሀብተየስ፣ ሩብ ሄክታር፣ የገብስ ማሳ።
ማን በላት?
ሐምሌ ላይ ከመዝገቡ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤
በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፣ በአንዱ ስጽፍ፣ ሰው ሲያስቀኝ፣
አንዲት መስመር ዘልያለሁ።
አራት ወር ሙሉ ደወል አልጮኸም፣
ቀይ መስኮት አልተከፈተም።

ስሟን አስገባሁ። ያቺን የቀልድ ፋይል ፈለግኋት፤
ቁልፉን ተጫንኩት፤ አልሸሸም፤ አጠፋኋት።
«ሞተ?» አሉኝ እትዬ ዓለምሸት።
«ሞተ» አልኩ።
ሌላ አልጨመርኩም።

እስከ ዛሬ፣ አሥራ አንድ ተኩል ሲል፣ ገመዱን ይነቅላሉ፤
«ከውርጭ ጋር ነው የሚገባው» ይላሉ፤
ባናውን ሊያለብሱት ሲነሡ፣ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣
አንዱን እኔ፣ ወዲያ ማዶ፣ ይዤ እቆማለሁ አብሬያቸው።