ስንጥቁን ያሳዩኝ

ጠመኔ የበላው የጣቴ ደመወዝ፣ ሦስት ዙር ዕቁቤ፣
ቆጪ ጫፍ ላይ ወርዶ መሬት ሆነ አሉኝ፤ አላመነም ልቤ።
መቶ ስልሳ ካሬ፣ ጥቁር አፈር ለብሳ፣
በክረምት አብጣ፣ በበጋ ኮስሳ፣
አፏን የምትከፍት፣ ጫማ የምታላምጥ፣
አጥሬን እንኳ አቁማ ባመቱ የምትገለብጥ።

ግንበኛ ፈልጌ አንድ ቀን ብናገር ከሻይ ቤቱ በር፣
ሲነጋ ደጄ ላይ ሜትርና እርሳስ የያዘ መንደር።
የአንዱ አጎት ድልድይ፣ ያንዱ ወንድም ሆቴል፣ ያንዱ አባት መስጊድ
ሠርተዋል፤ ስለ ራሱ ግን የሚያወራኝ የለም አንድ።

መክብብ የሚሉት መጣ፣ በስልኩ ላይ ቪላ ደርድሮ፣
ጣቱን ሲያንሸራትት ፎቅ በፎቅ ላይ ነው፣ በመስተዋት ታጥሮ።
«ይሄ የት ነው?» ስለው «እዚያ ነው» ይለኛል፤
«እዚያ የት?» ስለው ሥዕሉን ያሳልፈዋል።
አንዱ ሥዕል ላይ ግን፣ ከበረንዳው ማዶ፣ ዘንባባና ባሕር።
ጅማ ከመቼ ወዲህ? ሻዩን ከፍዬለት ተለያየን በፍቅር።

«ለዘመድ በግማሽ» አለኝ የአክስቴ ልጅ ነስሩ፤
ሲሚንቶውን ብቆጥር ግማሽ ነበር ምሥጢሩ።
«ብረቱስ?» ብል ሣቀ፣ «ግንብ ውስጥ ተቀብሮ ማን ያየዋል?» ብሎ፤
ያ ቃል አብሮኝ አደረ፣ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ።
ማን ያየዋል?
እኔ አላይ ይሆናል፤ ሐምሌ ግን ያየዋል።

አባ ቢያ ሲመጡ ስልክ የላቸው፣ ሥዕል የላቸው፣
ቱንቢያቸው ብቻ ከኪስ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች አብራቸው።
መሬቴን አላዩም፤ ዋጋም አልጠሩም። «ነይ» አሉኝ፣ «አስቀድመሽ
የወደቅሁበትን እይ፤ የቆምኩበትንማ ሌላ ቀን ታያለሽ።»

ወደ ጅሬን ሽቅብ፣ ዶፍ እየወረደ፣ በዳገት በድጡ፣
እኔ በጃንጥላ፣ እሳቸው ኮታቸውን ለዝናቡ ሰጡ።
አንዲት ግቢ ገባን። ከመስኮቱ ግርጌ፣ አግድም እንደ ሥር፣
ስንጥቅ ይሄዳል፤ ተለስኖ፣ ዳግም ተለስኖ የማይሠወር።
«በአርባ ዓመቴ የሠራሁት ነው፤ ቸኩዬ ነበረ።
የሙላት አፈር ላይ መሠረት ጣልኩና...» እጃቸው ግድግዳው ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ትርንጎ ከበር ብቅ አሉና «መጣህ?» አሉ ስቀው፤
«በየመስከረሙ ኖራ ተሸክሞ፣ ሳልጠራው፣ ሳልከፍለው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት! የወለድኳቸውም እንዲህ ቀን አያከብሩ።»
ባለሦስት እግር ሁለት በርጩማ አወጡልን ከበሩ።

እኔ ዝም ብዬ ያንን ስንጥቅ በጣቴ ተከተልኩ።
ቀዝቃዛ ነበረ። ጫፉ ድረስ ሄድኩ።
ሃያ ዓመት ደብተር አርሜያለሁና አንድ ነገር አውቃለሁ፦
በላጲስ ፍቆ ወረቀት ከሚበሳ ይልቅ
ስሕተቱን ካሳየኝ ልጅ ጋር እቆማለሁ።

ውሉን ግን ጻፍነው፦ ብረቱ ባለስንት፣ ክፍያው በስንት ጊዜ፣
አሸዋው ከየት ወንዝ። «ጻፊው» አሉ ራሳቸው፣ «ሰው ነኝ፤
ገንዘብ ሳይ ሊለወጥ ይችላል ወዜ።»

አሁን ሰኔ ነው። ቤት የለኝም ገና። ጉድጓድ ነው ያለኝ፣ ውኃ የሞላ፤
«ነስሩ ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮ ይመታ ነበር» ይላል ጎረቤት ሁላ።
አባ ቢያ በጠዋት ይመጣሉ፤ አንድ እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ ይነክራሉ፣
የውኃውን ልክ በሚስማር ጭረው፣ «ገና ነው» ብለው ይሄዳሉ።

ገና ነው።
ማታ የኪራይ ቤቴ ጣራ ሲያፈስብኝ ባልዲ ደቅኜ፣
በየጠብታው መሃል «ገና ነው» እላለሁ፣
ግማሹን ፈርቼ፣ ግማሹን አምኜ።