ጠብ

ነሐሴ ነው፣ አጅማን ነው፤ ብርጭቆው ሳይነኩት ያልበዋል፣
የበሩ እጀታ ጨው ጨው ይላል፣ የተሰጣ ሸሚዝ እንደ ረጠበ ይውላል።
ቀን ሹፌር ነኝ። ማታ ግን በቆርቆሮ ካጠርኳት ጓዳ፣
ጋራዥ የጣለው ኮምፕረሰር አለኝ፤ ሲያጓራ ጎረቤት የሚጎዳ።

ዘሐራ የስፌት መኪና አመጣች፣ ከአሮጌ ተራ የገዛችው፣
እግሩን ዝገት የበላው፣ አንገቱን ጨው የላሰው።
“ሐሙስ ነው በረራዬ፤ ከሚሴ ይዤው ልግባ፣
አዲስ አስመስልልኝ፤ ጥቁር፣ የሚያበራ፣ እንደ ሙሽራ ጫማ።”

ፋቅሁት፣ አጠብኩት፣ ቀባሁት።
ሲነጋ ባየው፦ ፈንጣጣ!
ከቀለሙ ሥር ውሃ ተደብቆ፣ ቆዳውን ነፍቶ ሲወጣ።
ሥራዬን ውሃ በላው፤
ለአባባል አይደለም፣ የእውነት ውሃ በላው።

ራፊቅ መጣ፣ የኬረላው ቧንቧ ሠሪ፣ ሻዩን በእጁ እንደ ያዘ፣
የታንኩን ሆድ ዳበሰ፣ ዝም ብሎ አሰበ፣ አዘዘ፦
“አየር ሲታመቅ ይግላል” አለ በቆራረጠ ዐረብኛው፣
“ሲግል ውሃውን አይለቅም፤ ሲበርድ ነው የሚተፋው።
አንተ በሦስት ክንድ ጎማ እንደ ጋለ ሰደድከው፣
ቀለሙ ጋ ሲደርስ በረደ፤ የያዘውን እዚያው ጣለው።
መንገድ አርዝምለት።”

ግድግዳው ላይ የመዳብ ቧንቧ ዘረጋን፣ ሽቅብ ቁልቁል፣ እንደ ገመገም፣
በየዝቅታው ጫፍ አንዲት መክፈቻ፣ የወረደውን እንድትለቅም።
መጨረሻ ላይ የሲሊካ ብልቃጥ፤ ፍሬው ሰማያዊ፣ እንደ ጨሌ፣
ውሃ ሲጠግብ ሮዝ የሚሆን።
በአንድ ሌሊት ጠገበ! እንደ ሽምብራ ቆላሁት፣
መዳም ስትተኛ፣ በመጥበሻዋ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ የበረሃው ነፋስ ሲነሳ፣ አየሩ ትንሽ ሲደርቅ፣
ረጨሁት። ጥቁሩ ተኛ። ላቤን አየሁበት፣ ግንባሬ ላይ ሲፈልቅ።
መሽከርከሪያው ሥር፣ እጄ ያልገባበት፣ ዝገት ቀረ፤ አልነገርኳትም።
ዳር ዳሩን ዳሰሰች። “ያምራል” አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።
ስድስት ዓመት የታመቀች ሴት፣
አውሮፕላን ማረፊያም አላለቀሰችም።

በወሩ ደወለች፦ “ጉርድ እየሰፋሁ ሳለ፣
ምንም ሳልሆን፣ ማንም ሳይናገረኝ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።
ጨርቁን አበላሸሁት” ብላ ሳቀች።
ከዚያ ጠየቀችኝ፣ እንደ ቤተሰቤም፣ እንደ ሌላውም፦
“አንተስ? ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ጠብ ያለልህ ነገር የለም?”

ስልኩን ታንኩ ላይ አስደገፍኩ፣
የታችኛዋን መክፈቻ በጣቴ ዞር አደረግኩ፤
ዝገት የነካው፣ ለብ ያለ፣ የማይጠጣ ውሃ፣
ከባዶው ጣሳ ላይ።
“ስሚ” አልኳት።

ጠብ።