ሳጥኑ

ከገበያ ጥግ፣ በጫማ ካርቶን፣ ሁለቱን ባንድ ዋጋ ገዝተን
ወደ አፉላ ቤታችን አመጣን፣ በአውቶቡስ፣ ጭናችን ላይ አቅፈን።
ልጄ ቢጫውን «ቲራስ» አለችው፤ በዕብራይስጥ በቆሎ ነው።
ለኔ ጆሮ ግን ትራስ ነበር፤ እውነትም ትራስ ነው፤
ጊላ ስታንቀላፋ አንገቷን የምትጥልበት እሱ ነው።

ስምንት ዓመት፤
እሱ ያላመጠውን ፍሬ እሷ ካፉ ስትቀበል፣
እሷ ዓይኗን ስትከድን እሱ ላባዋን ሲፈትል።
እንዳለውና እኔ እንኳ፣ ተኳርፈን ስንውል፣
«እያቸው!» ባልን ጊዜ ዝምታው ነበር የሚጎድል።

መጋቢት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ሸለቆው ስንዴ ሲለብስ፣
አንድ የጣውላ ሳጥን ሠራሁ፣ ጠርዙ እስኪልም፣ እስኪለሰልስ፤
ክብ በር አወጣሁለት፣ ጋዜጣ ቀድጄ አነጠፍኩበት፣
«የራሳችሁ ቤት ይሁን» ብዬ መርቄ ሰቀልኩት።

በአምስተኛው ቀን፣ ከሆስፒታል አዳሬ ስገባ፣
መቆሚያው ዱላ ላይ ደም፤ ወለሉ ላይ ቢጫ ላባ።
ቲራስ ጥግ ይዞ ባንድ እግሩ፣ ሌላው ከሆዱ ሥር ተደብቆ፤
ጊላ ሳጥኑ አፍ ላይ ዘብ፤ ቁጣዋ ላባዋን ሰንጥቆ።
አንድ ጣቱ የለም።

ዶክተር ኦርሊ ቁስሉን ጠቅልላ፣ እያየችኝ ዝም አለች።
«ጠልታው ነው?» አልኳት። «አይደለም» አለች፤
«የምትጠብቀው ነገር አገኘች።
ሳጥኑን ያስገባው ማነው?»
ሒሳቡ ስንት ነው አልኳት። መልሴ እሱ ነው።

ሳጥኑን አወጣሁ። ሁለት የሽቦ ቤት፣ በመሐሉ አንድ ስንዝር።
ሌሊቱን ጊላ ነበረች፣ የነከሰችውን ስትጣራ የምታድር፤
እሱም ይመልስላት ነበር፣ በዚያው በድሮው ድምፁ፣
ፋሻው ሳይፈታ ገና፣ ቁስሉን ሳይረሳ እግሩ።

ዛሬ ጠዋት አቀራረብኳቸው፣ ሽቦ ለሽቦ።
ቲራስ በሦስት ጣቱ ተንጠልጥሎ
አንገቱን ሰጣት፤
ለዚያው ምንቃር፣ ለዚያው ጫፍ።
ትንፋሼን ዋጥኩ።
ላባውን አንድ ባንድ ፈተለችው።

«ሳጥኑን ልጣለው?» አለ እንዳለው ከበረንዳው፤
ከሰሞኑ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።
«ተወው» አልኩት።
«የልብስ መቆንጠጫ ላኑርበት።»