አብሮ የማይበርድ

ኮምቦልቻ ስታሸልብ፣ የጭነት መኪናው ሲረግብ፣
ጓዳዬ ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣
እሳቴን እጀምራለሁ ማለብ።

ላሜ ጠርሙስ ናት፤ ቡኒዋ ከመጠጥ ቤት ጓሮ፣
ነጯ ከሽሮፕ ብልቃጥ፣ ከታመመ ልጅ ኑሮ፣
አረንጓዴዋ ከማላውቀው ሰው ሠርግ የተረፈች፣
ሳይጠሯት የሄደች፣ ሳይሸኟት የመጣች።
የሰፈር ልጆች ይለቅማሉ፣ ደርዘኑን ባስር ባስር፤
እናቶቻቸው ቀን ይሰድቡኛል፣ ማታ ይቆጥራሉ ብር።

“እሳት እንደ አማት ናት” ብሎኛል ሙሄ፣ የብየዳው ጌታ፣
የጋዙን አፍ ያስያዘኝ ለት፤ “አትራቂያት፣ አትለጠፊያት፣
እምነት አትጣይባት ማታ ማታ።”
እኔ ያለኝ ደግሞ ማታ ነው። ቀን የፋብሪካ ክር ነኝ፣
ከማሽን ወደ ማሽን የምሳብ፤ ለራሴ ሲመሽ ነው የምገኝ።

ሽቦውን በጭቃ እለቀልቃለሁ፣ ዶቃው ሲበርድ እንዲለቅ።
ብርጭቆው መጀመሪያ ይኮራል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣
ቀጥሎ ተንጠልጥሎ እንደ ማር የሚስቅ ይመስላል፣ የሚስቅ።
አዞራለሁ። አዞራለሁ። ጣቴ ቢደነዝዝም አላቆም፤
አንድ ወገኑ ሰብቶ አንድ ወገኑ ለከሳ ዶቃ
ባቲ ላይ ገዢ አይቆም።
ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ዋጋው ውስጥ አላስገባም፤
ባስገባማ፣ አንዷን ፍሬ ባንክ ቤትም መጥቶ አይገዛም።

ከዚያ አመድ ነው። ትኩስ አመድ፣ የብረት ድስት ሙሉ፤
እዚያ ይቀበራሉ ዶቃዎቼ፣ እስኪነጋ ቀስ እንዲሉ።
የቸኮለ ይፈነዳል። ጧ! ይላል በጨለማ፤
እንቅልፍ የለኝም ያን ድምፅ ስሰማ።

ባለፈው ሐሙስ ሉባባ መጣች፣
በሻሿ ጫፍ ሁለት ስባሪ ቋጥራ፤
አንዱ ነጭ፣ የአራጋው የሻይ ብርጭቆ ነበር፣
ጂቡቲ ከመውጣቱ በፊት የጠጣባት፣
መኪናው ባዶውን የተመለሰ ለት።
አንዱ ሰማያዊ፣ የሠርጓ የሽቶ ጠርሙስ፣
ክዳኑ እንኳ ዛሬም ይሸታል።
“አንድ አርጊልኝ” አለች፣ “እሱንና እኔን፣ ባንድ ዶቃ።”

“ሉባባ፣ ብርጭቆ ሁሉ ዘመድ አይደለም” አልኳት።
“አንቺ ብቻ ሞክሪ።”

ሞከርኩ።
እሳቱ ላይ ተስማሙ። ነጩ ሰማያዊውን ዞሮ ዞሮ
እንደ መቀነት ታጠቀው፤ እንደሱ ያማረ ሠርቼ አላውቅም።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከአመዱ ሥር፦ ጧ!
እሳት ላይ የሚስማማ ሁሉ አብሮ አይበርድም።
አንዱ ቶሎ ይኮማተራል፣ አንዱ ይዘገያል፣
መሃላቸው ያለው ይሰነጠቃል።

እንዴት ብዬ ልንገራት ይሄን? ወሎ ነው አገሩ፤
ሁሉ ተጋብቶ ተዋልዶ፣ ባንድ ለቅሶ ተሰብስቦ ሲያድር፣
“ድብልቅ አይሆንም” የምትል ዶቃ ሠሪ
ማን ሊሰማት ነው፣ ማንስ ሊያምናት፣ በየትኛው ሰፈር?

አልነገርኳትም። ከቀረው ስባሪ ሁለት ሠራሁ፣ ለየብቻ፤
ነጩ ትንሽ ተለቀ፣ እጄ ነው፣ ምን ላድርግ።
ከፋብሪካው ወለል ባነሳሁት ክር ሰካኋቸው፤
እንዳይጋጩ መሃላቸው አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩ።

አንገቷ ላይ አሰረችው። በጣቷ ዳበሰችው፣
አንዱን፣ ሌላውን፣ ከዚያ ቋጠሮውን።
“ይሄስ ምንድነው?”
“መንገዱ ነው” አልኳት።
ሃምሳ ብር ሰጠችኝ፤ አርባውን መለስኩላት፣ አሥሩን ለጋዝ።

ሰኞ ባቲ ወረድኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ በርበሬና ሰው ታጭቆ።
ዓሻ፣ የቆየችው ደንበኛዬ፣ እንደ ልማዷ
እያንዳንዱን ፍሬ በጥርሷ ነክሳ ሞከረች፣
ፕላስቲክ እንዳይሆን፤ አንዳንዴ ምራቋን ጠርጌ ነው የምሸጠው።
ከከረጢቴ ጥግ ያንን የተሰነጠቀውን አወጣች፣
ወደ ፀሐይ ይዛው ቆየች።
“ይሄስ ስንት ነው?”
“እሱ አይሸጥም።”
“ታዲያ ለምን ገበያ አመጣሽው?”

እኔም አላውቅም።

ጋዙም አልቋል። ሙሄ በዱቤ ይሰጠኝ ይሆናል።