ሳጥንና ጥያቄ

ቡሬ ላይ ሐምሌ ነው፤ መብራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል እየዋለለ፤
ዝናቡ በቆርቆሮው ኑግ ሲወቃ ዋለ።
አንማው ገባ ጃንጥላውን ሳያጥፍ፣
ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልሎ በእጥፍ።
«የዘይት መጭመቂያዬ ቆማለች፤ ሦስት ቀን ሆናት፤
ሻጩ የላከው መመሪያ ይኸው፣ እስቲ ክፈቺና እያት።»

ከፈትኩት።
ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፤ ባዶ ባዶ ቤት፣
በር የሌለው፣ ጭስ የማይወጣበት።
ቀድቼ ወሰድኩት ወደ ሌላ ፕሮግራም፤
መስመሩ ሁሉ ጥያቄ ምልክት፣ አንድ ፊደል የለም።
አንማው ሳቀ፦ «እኔ ልጠይቀው መጣሁ፣
እሱ መልሶ ይጠይቀኛል?»

«አትሳቅ» አልኩት፤ «ሳጥን ከሆነ ደግ ነው፤
ፊደሉ በሕይወት አለ፣ የጎደለው ልብሱ ነው።
ጥያቄ ከሆነ ግን አለቀለት፤
ማሽኑ ያላወቀውን ቀብሮ፣ ያችን ምልክት ተከለበት።
ስለዚህ ይህን አላስቀምጥም፤
በቅጂው ልሞክር እንጂ ዋናውን አልነካም።»

ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።
የአባቴ የመሬት ክርክር ነው፣
በዱሮው የአማርኛ ፊደል የተተየበ።
አዲሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው
«ይርሳው» የሚለው ስሙ ቅንፍና መቶኛ ሆኖ ወጣ።
ዳኛው ወረቀቱን አገላብጦ
«ባለጉዳዩ ማነው?» አለ፣
አባቴ ፊቱ ቆሞ።

መብራት ሄደ። ጠበቅን። መጣ።
ከዝርዝሩ አንዱን ኮድ ብመርጥ ሌላ ጉድ አመጣ፦
ነጥብና ጭራ የበዛበት ያበደ የፈረንጅ ፊደል።
«ይኼ ደግሞ በሰው ቁና ተሰፍሮ ነው፤ እህሉ ግን አልጎደለም፣ አይደል?»
ዩኒኮድ አልኩት፤ እምቢ።
የዱሮውን የቻይና ኮድ ስሰጠው
ገጹ ባንዴ ለመለመ፦
መሰላል የመሰለ፣ ማጭድ የመሰለ፣
ጎጆ የመሰለ ሁሉ ቆመ።

ዝም አልን። ሁለታችንም አንዱን አናነብም።
«ልክ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» አለ።
አላውቅም።
ያኔ ስልኩን አወጣ፤ የማሽኗን ግንባር አንስቶ ነበር፣
ብረቷ ላይ አራት ምልክት፣ ዘይት የበላው ዳር ዳር።
በጣቱ እየለቀመ፣ ጤፍ ውስጥ ጠጠር እንደሚፈልግ፣
«ይቺ ባለ ጣሪያዋ... ይቺ ባለ ሁለት እግር... ቆይ፣ ዝቅ አድርጊው እስቲ፣ ዝቅ።»
ሦስተኛው መስመር ላይ አገኘናቸው፣
አራቱም እንደ ወንድማማች ተከታትለው።

አተምኩለት፤ አሥራ ሁለት ገጽ።
«ትርጉሙስ?»
«ማርቆስ አንድ ልጅ አለ፣ ቻይና ተምሮ የመጣ።»
ጃንጥላውን ለወረቀቱ ዘርግቶ
ራሱ እየራሰ ወጣ።

እኔም መብራቱ ሳይሄድ
ያባቴን ፋይል ከፈትሁ፤
ሳጥን የለውም፣ ጥያቄም የለው፤
ቁናውን መፈለግ ጀመርሁ።