ሰማንያ ሁለት

ሳሙና በር ማዶ፣ ከጌም ቤቱ ደጃፍ፣
እንዳላማው ቆሞ በጠመኔ ሲጽፍ
ዙሪያውን ከበብነው።
ጌሙ ጥር ላይ ነው የሚለቀቅ ገና፤
ካባ ለብሶ በራሪ፣ ፎቅ ተሸካሚ ጀግና።
ግን ማን ስለ ጀግናው? ጭቅጭቁ ሌላ ነው፦
ባሕር ማዶ ያሉት ሐያሲያን አይተው
ከመቶ ስንት ይሰጡታል?

አሥር አሥር ብር በወተት ጣሳ፤
“ዘጠና!” አለ ቢምረው፣ ከዱካው ተነሣ።
ጥጋቡ “ሃምሳ ነው” አለ፤ “ያለፈው ሲወጣ
ግድግዳ ውስጥ ሰምጦ ጀግናው መቼ ወጣ?”
እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ብሯን እያሸሁ
“ሰማንያ ሁለት” አልኩ፤ ለምን? እንጃ፣ አላወቅሁ፤
ብቻ በሒሳብ ፈተና ለእኔ ያልመጣ ቁጥር
ለእሱ ቢመጣ ብዬ፣ በሩቁ ለሚበር።

ባለቤቱ ማሩ የማሽኗን አቧራ
በእጅጌው ጠረገ፤ ሳቀ፤ “ሥራ ፈቶች!” ብሎ ተጣራ፦
“ይቺ አሮጊት ማሽን ለአዲሱ ምን አቅም አላት?
ጥርም መጣ አልመጣ፣ እኛ ጋ ያቺው ኳስ ናት።”

ዝም አልን።
ወደ ጃንተከል የሚሄድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ።
ከጣሳው ብሩን ሊያወጣ እጁን የላከ የለም።
እንዳላማው ጠመኔውን ኪሱ ሊከት ሲል
ጠጋ አልኩት፦
“የእኔን ሰማንያ ሦስት አድርግልኝ።”