ከወዲህና ከወዲያ

ከጋራዡ ጀርባ፣ ሣር በዋጠው ቦታ፣
ዐሥራ አንድ ክረምት ሙሉ ተደፍታ፣
ያቺ የአባቴ ጀልባ፣ ያቺ አልሙኒየሟ፣
ዝገት አያውቃትም፣ ደከመ እንጂ አቅሟ።

ግንቦት ተጋምሶ ነው፣ በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር፣
በረዶው አልቆ ጭቃው ብቻ ሲቀር፣
ብቻዬን ገለበጥኋት፣ በአጣና አንሥቼ፣
የስልሳ ዓመት ወገቤን ለእልኼ ሰጥቼ።
ከሥሯ የተርብ ቤት፣ የአይጥ ጎጆ፣ ጭራሮ፣
አንድ የአባቴ ጓንት፣ ጣቶቹን ቋጥሮ፤
የዓሣ ቅርፊትም አለ፣ ከስንጥቁ መሃል፣
ዛሬም ፀሐይ ሲያገኝ ዓይን ይጠቅሳል።

ሞተር የሚሰቀልበት የኋላዋ ሳንቃ
ጣቴን ብጫንበት፣ የረጠበ ጭቃ።
ፈታሁት። አዲስ ጣውላ ቆረጥሁ፣
አሮጌውን ብስባሽ ዘርግቼ በእርሳስ ዙሪያውን ከበብሁ።
ቀለሟን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ሦስት ቀን፣
ከአረንጓዴው በታች ሰማያዊ ዘመን፣
ከሰማያዊው ሥር ቢጫ፣ እናታችን የመረጠችው፣
አባቴ «ዓሣ ያባርራል» ብሎ በነገታው የደፈነው።

ከዚያ፣ እንደ አባቴ ወግ፣ በሁለት ጉማጅ አቁሜ፣
በአትክልት ጎማ ሞላኋት፤ ቆየሁ ጎኗ ቆሜ።
ጀልባ ውሃ ላይ ትኖራለች፤ ያን ቀን ውሃው በጀልባ ነበር፣
ሐይቁ እንግዳ ሆኖ ደጃችን ሊያድር።
ከውጭ የሚገባውን ማየት ለሚቸግረው
ከውስጥ የሚወጣው ነው ቀዳዳን የሚናገረው።
ጠብ ባለበት ሁሉ በቀይ ሰም ከበብሁ፣
ሃያ ሦስት ሪቬት ሲያለቅስ ቆጠርሁ።

ሪቬት ግን (ይህን ነው የረሳሁት)
በአንድ ሰው አይመታም።
አንዱ ከውስጥ ሆኖ ብረት ይደግፋል፣
ሌላው ከውጭ መዶሻ ያሳርፋል።
ሞከርሁት ብቻዬን፦ በጉልበቴ ብረት፣ በእጄ መዶሻ፤
ሪቬቱ ተጣመመ፣ ሳቀብኝ የጎረቤት ውሻ።

ኤግጌርት አለ፤ ወንድሜ፤ ሁለት ጎዳና ማዶ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመካከላችን በረዶ።
የተጣላነው በአባታችን የማስገር ፈቃድ፣
እሱ ሸጠው፤ እኔ ፖስታ ቤት ሰማሁ፣ ከባዕድ።
ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን የፊትና የኋላ ወንበር፣
ቀብር ላይ ሰላምታ፣ ያውም በአገጭ ነበር።

ስልክ አልደወልሁም። ልጁን ብሪንያን አገኘኋት፣
«አክስቴ ቶርዲስ ብረት የሚመታላት አጣች፣ በይው» አልኋት።

መጣ። በበሩ አይደለም፤ በአጥሩ በኩል ዞሮ፣
የአባቴን መዶሻ በብብቱ ሥር ቀብሮ።
ሰላም አላለም። «የቱ ይቀድማል?» አለ።
«ከአፍንጫዋ» አልሁት። ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ቋ አለ።

እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ በመሃል አልሙኒየም፤
ከጥፍር አይወፍርም፣ ፊት ግን አያሳይም።
እሱ ከዚያ ሲመታ፣ ምቱ መዳፌ ይገባል፤
መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ እያደር ይለሰልሳል።
አንዴ ሲያንኳኳ «ያዝሽ ወይ?»፣ ሁለቴ ሳንኳኳ «አምጣ»፣
የአባታችን ቋንቋ ነው፤ ከእጃችን አልወጣ።
ብሪንያ ባልዲ ደፍታ ተቀምጣ ሪቬት ታቀብላለች፣
ወደ እኔም ወደ እሱም አንገቷን ታሰግጋለች፤
ሁለታችንን አንድ ላይ የምታይ እሷ ብቻ ነበረች።

በዐሥራ ሰባተኛው ላይ ከብረቱ ማዶ ድምፁ መጣ፦
«ፈቃዱን የሸጥሁት ባንኩ ቤቴን ሊወስድ ሲመጣ።»
«ለምን አልነገርኸኝም?»
ዝም።
አንዴ አንኳኳ።
ያዝሁ።

በማግሥቱ እንደገና ሞላናት፣ እስከ ከንፈሯ ድረስ።
ሃያ ሁለቱ ደርቀዋል፤ አንዱ ግን፣ ከመቀመጫው ሥር፣
በደቂቃ አንድ ጠብታ፣ እንደ ሽማግሌ ነገር።
«ይነቀል?» አልሁት። አጎንብሶ ዳሰሰው፤ ጠማማ ነው ራሱ።
«ይሄ የአባባ ነው» አለ፤ «ብቻውን መትቶት ይሆናል እሱ።»

ተውነው።
ለጠብታው አንድ የጃም ጣሳ ከሥሩ አስቀመጥን፤
ሐይቁ ላይ ማን እንደሚቀዳ ግን እስካሁን አልተስማማን።